የጊታሪስቱን ዱካ ይዘን፦ ከታኮማ ፓርክ እስከ አበርዲን

ማክሰኞ፦ ታኮማ ፓርክ

ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር ሐበሻ ታኮማ ፓርክ የጎረቤት ሰፈር ነው። እሑድ እሑድ ገበያ ይቆማል፤ በስላይጎ ጅረት ዳር ሲንሸራሸሩ አማርኛ መስማትም ብርቅ አይደለም። ጆን ፌሂ የሚባለው ጊታሪስት ያደገው እዚህ ነው። ጅረቱንም ገና በመጀመሪያው አልበሙ ላይ ለአንድ ሥራው ስም አድርጎታል።

ፌሂ በ1939 ዋሽንግተን ተወለደ (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኳቸው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። በ1959 ከኛ ብዙም በማይርቀው አዴልፊ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻውን ጊታር እየተጫወተ ተቀዳ። ወጪውን የሸፈነው ነዳጅ ማደያ እየሠራ ባጠራቀመው ደመወዝና ከአንድ ቄስ በተበደረው ገንዘብ ነው። መቶ ሸክላ አሳተመ፤ ለድርጅቱም የሰፈሩን ስም ሰጥቶ «ታኮማ ሬከርድስ» አለው። በሽፋኑ አንድ ወገን የራሱ ስም ተጽፏል፤ በሌላው ወገን «ብላይንድ ጆ ዴዝ» የሚል አለ፤ ይህ ከጭንቅላቱ የፈጠረው ዓይነ ስውር ብሉዝ ዘፋኝ ነው። ከሸክላዎቹ ጥቂቱን በአሮጌ ዕቃ መሸጫዎች መደርደሪያ ላይ በድብቅ እያስቀመጠ ሄደ፤ ጥቂቱን ደግሞ ለሙዚቃ ምሁራን ላከ። ከምሁራኑ መካከል እንዲህ ያለ ሽማግሌ በእውነት አለ ብለው ያመኑ ነበሩ ይባላል።

ቀልዱ ያስቃል። እኔን ከቤቴ ያስወጣኝ ግን ከዚያ በኋላ የሠራው ነው። በ1920ዎቹና በ30ዎቹ የተቀዱ፣ ማንም የማያስታውሳቸውን ሸክላዎች ሲያዳምጥ ኖሮ፣ «እነዚህ ሰዎች የት ገቡ?» ብሎ ፍለጋ ወጣ። ያገኛቸውን ዳግመኛ ቀዳ፤ ያላገኛቸውን ሸክላቸውን ፈልጎ እንደገና አሳተመ፤ ስለ ሁለቱም ጻፈ።

እኔ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ላይ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ቤቴ ውስጥ ከአባቴ የወረስኩት አንድ ካርቶን ካሴት አለ፤ ብዙው የደርግ ጊዜ ነው። ሽፋኑ ላይ የዘፋኙ ፎቶ፣ የሙዚቃ ቤቱ ስምና ስልክ ቁጥሩ አለ። ድራሙን ማን መታው? ሳክስፎኑን ማን ነፋው? ቤዙን የተጫወተውስ? ዝም። ከሙያው ለሚበላ ሰው ይህ ያንገበግባል። ስም ፍለጋ ከየት እንደሚጀመር ማየት የፈለግሁት ለዚህ ነው።

የአክስቴ ልጅ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ባለፈው ጥቅምት ዕረፍት ላይ ስለነበር «ያንን መንገድ ዕቃ ጭኜ ነው የማውቀው፤ አንዴ እንኳ ቀና ብዬ ልየው» ብሎ መሪውን ያዘ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ወጣን።

ማክሰኞ ማታ፦ ብሪስቶል

ቨርጂኒያን በቁመቷ ማቋረጥ የሚያስወራ ነገር የለውም፤ ተራራው ያምራል፣ ጭነት መኪናው ይበዛል። ብሪስቶል ዋናው መንገድ መሐሉ ላይ መስመር አለው። ቀኝ እግርህ ቴኔሲ፣ ግራ እግርህ ቨርጂኒያ ይሆናል። በ1927 የቪክተር ሸክላ ኩባንያው ራልፍ ፒር የመቅጃ መሣሪያውን ይዞ መጥቶ፣ የካንትሪ ሙዚቀኞቹን ካርተር ፋሚሊንና ጂሚ ሮጀርስን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀዳቸው በዚህ ከተማ ነው። ሞቴል በ84 ዶላር አደርን። ቁርስ ከኪራዩ ጋር ነው ተብለን ነበር፤ ስንነሣ ግን አንድ ሙዝና የቀዘቀዘ ቡና ብቻ ነበር የተረፈው።

ረቡዕ፦ ሜምፊስ

ረቡዕ በመሆኑ ከሙዝ ሌላ ሳንበላ ሜምፊስ ገባን። የአገራችን ሰው ምግብ ቤት ፈልገን አገኘን። ባለቤቲቱ በእናታችን ዕድሜ ያሉ ናቸው፤ እትዬ ነው የምንላቸው። የጾም በያይነቱ 16 ዶላር ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከለመድነው በሦስት አራት ዶላር ይቀንሳል፣ እንጀራውም የጤፍ ነው። «ለሥራ ነው ለዘመድ የመጣችሁት?» አሉን። ለአሮጌ ዘፋኝ ነው አልናቸው፤ ሳቁ፤ ቡና አፍልተው አጠገባችን ተቀመጡ።

ነገርኳቸው። በ1940 ቡካ ዋይት የሚባል ዘፋኝ ስለ አበርዲን፣ ሚሲሲፒ አንድ ሸክላ አስቀርጾ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብዛው ጠፋ። በ1963 ጆን ፌሂና ጓደኛው ኤድ ዴንሰን ዘፈኑን ሰምተው፣ «ሰውየው ስለ አበርዲን ከዘፈነ የአበርዲን ሰው ይሆናል» ብለው ፖስታ ካርድ ጻፉ። አድራሻው «ለቡካ ዋይት፣ አሮጌው የብሉዝ ዘፋኝ፣ ፖስታ ቤት ቀርቦ የሚወስደው፣ አበርዲን፣ ሚሲሲፒ» ከማለት ሌላ የቤት ቁጥር የለው፣ መንገድ የለው። ካርዱ ከአበርዲን ወደ ሜምፊስ ተላለፈና ሰውየው እጅ ገባ። ቡካ ዋይት እዚህ በአንድ የፈሳሽ ማጠራቀሚያ ታንክ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። በዚያው ዓመት አዲስ አልበም ቀዱት፤ ታኮማ ሬከርድስም አሳተመው።

እትዬ አልገረማቸውም። «እና ምን ይደንቃል? እኔ ለእናቴ ስጽፍ 'ይድረስ ለወይዘሮ እገሊት፣ በአቶ እገሌ ሱቅ በኩል' ነበር የምለው። አንድም ቀን አልጠፋም» አሉ። እውነታቸውን ነው። የቤት ቁጥር በሌለበት አገር ደብዳቤ የሚጓዘው በሰው ነው፤ አበርዲንም ቢሆን ፖስታ ቤቱ ውስጥ ወይም ደጃፉ ላይ ቡካን የሚያውቅ ሰው ባይኖር ኖሮ ካርዱ የትም አይደርስም ነበር። «የጠፋው» ሰው የጠፋው ለሸክላ ገዢው እንጂ ለዘመዶቹ አልነበረም። ቢ ቢ ኪንግ እንኳ የዘመዱ የቡካ ዋይት ቤት ሜምፊስ ውስጥ እንዳረፈ በየጊዜው ተናግሯል፤ በ1963 ደግሞ ኪንግ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የታወቀ ኮከብ ነበር።

ማታ ቢል ስትሪት ሄድን። የኒዮን መብራት፣ ቲሸርት፣ የ14 ዶላር ኮክቴል። ሙዚቀኞቹ ጎበዞች ናቸው፤ ግን ቱሪስት የሚያውቃቸውን አሥር ዘፈኖች ደጋግመው ነው የሚጫወቱት። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ሰርግ ላይ የማደርገው ይህንኑ ነው።

ስንሰናበት እትዬ የተቋጠረ ሽሮ፣ ግማሽ እሽግ እንጀራና አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ ሰጡን። «ዓርብን የት እንደምትውሉ እኔ አውቃለሁ» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ዓርብ ገባን።

ሐሙስ፦ ቱኒካና ክላርክስዴል

ሜምፊስን ለቆ በአውራ ጎዳና 61 ወደ ደቡብ ሲወርዱ ምድሩ ጠፍጣፋ ይሆናል። ዴልታ የሚሉት ይህ ነው። ጥቅምት የጥጥ ወቅት በመሆኑ ማሳው ነጭ ነው፤ የድሮውን የተንዳሆ የጥጥ እርሻ ያየ ሰው አይደናገረውም፤ ልዩነቱ ለቃሚ ሰው አለመታየቱ ነው። ቤት የሚያህል ማሽን እየለቀመ እያሰረ ይጥላል። ያ ማሽን ሲመጣ ነው ሥራ ያጣው ሰው በገፍ ወደ ቺካጎና ወደ ሜምፊስ የተሰደደው።

ቱኒካ ዛሬ የካሲኖ አገር ነው፤ የመጀመሪያው የተከፈተው በ1992 ነው። የአክስቴ ልጅ «አምስት ዶላር ብቻ» ብሎ ገብቶ 20 ዶላር አስይዞ ወጣ፤ የትኛው ካሲኖ እንደሆነ ለባለቤቱ ላልናገር ምያለሁ።

እኔ ቱኒካ የመጣሁት ለብሉዝ ዘፋኙ ለስኪፕ ጄምስ ነው። ጄምስ በ1931 ዊስኮንሲን፣ ግራፍተን ሄዶ ፓራማውንት ለሚባለው የሸክላ ድርጅት ቀዳ። የድርጅቱ ባለቤት የወንበር ፋብሪካ ነበር። ወቅቱ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ስለነበር ሸክላዎቹን የገዛ ሰው ጥቂት ነው፤ ስኪፕ ጄምስም ብሉዙን ትቶ ሰባኪ ሆነ። በ1964 ፌሂ፣ ቢል ባርዝና ሄንሪ ቬስታይን እየጠየቁ መጥተው እዚህ ቱኒካ ሆስፒታል ተኝቶ አገኙት። በዚያው ዓመት ጁላይ ኒውፖርት ፌስቲቫል ላይ በሺዎች ፊት ተጫወተ። በኋላም ክሪም የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1966 አንድ ዘፈኑን ተጫውቶለት ጄምስ የደራሲነት ክፍያ አገኘ። በሕይወት ሳለ በመገኘቱ ነው ይህ የሆነው፤ ብዙዎቹ አልታደሉም።

ስለ ስኪፕ ጄምስ ለሙዚቀኛ የምነግረው አንድ ነገር አለ። ጊታሩን እንደ ተለመደው አይቃኘውም። ክሮቹን ገና ሳይነካቸው አንድ የሚያዝን ኮርድ እንዲሰጡ አድርጎ ነው የሚያስራቸው። የኛ ክራር ተጫዋች ትዝታን ሊጫወት ሲል ክሩን በትዝታ እንደሚቃኘው ማለት ነው፤ ቅኝቱ ከጣቱ ይቀድማል። ፌሂም በራሱ ጊታር ላይ የወሰደው ትልቁ ነገር ይህ የቅኝት አያያዝ ይመስለኛል። ያለ ዘፋኝና ያለ ባንድ፣ በአንድ የብረት ክር ጊታር ብቻ ሙሉ አልበም የሚሸከመው ለዚህ ነው።

ክላርክስዴል የሚደረስበት የ61 እና የ49 መንገዶች መገናኛ ላይ ሦስት ሰማያዊ ጊታሮች ተሰቅለዋል፤ ሁሉም ፎቶ ይነሣል፣ እኛም ተነሣን። የዴልታ ብሉዝ ሙዚየም በ1918 የተሠራ የባቡር ዕቃ ማራገፊያ ውስጥ ነው፤ የብሉዝ ዘፋኙ መዲ ዋተርስ የኖረበትን የእንጨት ጎጆ እዚያ አቁመውታል። የብሉዝ ዘፋኟ ቤሲ ስሚዝ በ1937 ከመኪና አደጋ በኋላ ያረፈችበት የጥቁሮች ሆስፒታል ኋላ ሪቨርሳይድ ሆቴል ሆኗል።

ምሳ ታማሌ በላን። የበቆሎ ሊጥ በሥጋ ተሞልቶ፣ በበቆሎ ሽፋን ተጠቅልሎ የሚቀቀል ምግብ ነው፤ ከሜክሲኮ የመጣ ነው ይላሉ፣ ዴልታ ውስጥ ግን በየመንገዱ ይሸጣል። ሥጋው የአሳማ መሆኑንና አለመሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። የበሬ የሆነውን ግማሽ ደርዘን በ9 ዶላር አገኘን። ቅመሙ ከበርበሬያችን ባይደርስም አያሳፍርም።

ያደርንበት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ከሰባ ዓመት ያለፉ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፤ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል 75 ዶላር። ማታ በረንዳ ላይ ስለ ፌሂ ሳወራ ፊታቸው ቀዝቀዝ አለ። ልጅ ሆነው ነጭ ወጣቶች ቤት ለቤት በር እያንኳኩ «አሮጌ ሸክላ አላችሁ?» ይሉ እንደነበር ያስታውሳሉ። «እናቴ ሙሉ ሳጥን ሰጠቻቸው። ለአንዱ የከፈሉት ሳንቲም ነው። እሷ ደስ ብሏት ነበር፤ አልጋው ሥር ቦታ ተለቀቀላት» አሉኝ።

ፌሂም ከነዚያ ወጣቶች አንዱ ነበር፤ በደቡብ አገር በር እያንኳኳ ነው ሸክላ የሰበሰበው። ዛሬ ዋጋው የት እንደደረሰ ለማወቅ፦ በ2013 አንድ የብሉዝ ዘፋኙ የቶሚ ጆንሰን ሸክላ 37,100 ዶላር ተሸጧል። ለሰውየው ይህን ቁጥር አልነገርኳቸውም። ነገር ግን የፓራማውንት የብረት ማስተሮች፣ ሸክላው የሚታተምባቸው ዋና ቅርጾች፣ አብዛኛዎቹ ጠፍተዋል፤ ዛሬ የምንሰማው በአብዛኛው የተቀዳው ከነዚያ ከየአልጋው ሥር ከወጡ፣ ከተጫጫሩ ቅጂዎች ነው። በሳንቲም መግዛቱ ያሳፍራል፤ ባይገዙት ደግሞ ድምፁ አይኖርም ነበር። ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልኩም፤ በረንዳው ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ብንቀመጥም ሽማግሌውም አላስታረቁት።

ዓርብ፦ ዶከሪና ሆሊ ሪጅ

የእትዬ ትንቢት ምሳ ሰዓት ላይ ደረሰ። ክሊቭላንድ አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ገባንና ከዝርዝሩ ላይ ጎመን አየን። ያው የኛ ጎመን ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እናቶቻችን የሚገዙት ይሄንኑ ነው። ባቄላም አለ። ደስ ብሎን ስናዝ አስተናጋጇ «ጎመኑ ከአሳማ እግር ጋር ነው የተቀቀለው፣ የኔ ማር» አለችን። ባቄላውስ? በአሳማ ጮማ። የበቆሎ ዳቦው? እንቁላልና ቅቤ። አምባዛ ግን በየቦታው አለ፤ የአክስቴ ልጅ «ዓሣ ለጾም ይፈቀዳል» የሚለውን የቆየ ክርክር አንስቶ የተጠበሰ አምባዛ በ13 ዶላር በላ። እኔ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀዝቃዛ ሽሮ በእንጀራ በላሁ፤ ከዚያ የጣፈጠ ምግብ በጉዞው ላይ አልቀመስኩም።

ዶከሪ ከክሊቭላንድ ወደ ሩልቪል በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የድሮ የጥጥ እርሻ ነው፤ በ1895 የተመሠረተ። የብሉዝ ዘፋኙ ቻርሊ ፓተን ያደገውና ጊታር የለመደው እዚህ ነው። መዳመጫው አሁንም ቆሟል። ፌሂ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ የማስተርስ ጥናቱን የሠራው በፓተን ላይ ነው፤ በ1970 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ጊታሪስት በመሆኑ የፓተንን ቅኝቶችና ዜማዎች አንድ በአንድ ፈታቸው። ጆሮ ያለው ሰው የጻፈው የሙዚቃ ጽሑፍ ልዩነቱ እዚህ ላይ ይታያል፤ «ነፍስን የሚነካ ድምፅ» ብሎ አያልፍም፣ አውራ ጣቱ የትኛውን ክር እንደመታ ይነግርሃል።

ፓተን በ1934 ሞቶ የተቀበረው ሆሊ ሪጅ ነው። ኮረኮንቹ ላይ ስንገባ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ስኮርታው ደህና ነበር፣ ክሪኩ ግን ለስላሳው አፈር ውስጥ እየሰመጠ አስቸገረን። መቃብሩ አጠገብ የሚሠራ የጥጥ መዳመጫ አለ፤ ከዚያ አንድ ሠራተኛ ሳንቃ ይዞ መጣልን።

«ከየት ናችሁ?»

«ከኢትዮጵያ።»

«መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ካለችው?»

«ከሷው።»

ገንዘብ ብንሰጠው እምቢ አለ፤ ዳቦ ቆሎውን ግን ወሰደ፣ እየቆረጠመም መቃብሩን እሱ አሳየን። የጥጥ ብናኝ በአየር ላይ እየበረረ የአክስቴን ልጅ ያስነጥሰዋል። ድንጋዩ የቆመው በ1990 ነው፤ ወጪውን የሸፈነው ሮከኛው ጆን ፎገርቲ ነው። ፓተን 56 ዓመት ያለ ድንጋይ ተኝቷል ማለት ነው። ላዩ ላይ ሳንቲም፣ የጊታር ፒክና የውስኪ ጠርሙስ ጎብኚዎች ትተዋል። ሠራተኛው «ጠርሙሱ ሲበዛ እኔ ነኝ የማነሳው» አለ፤ ባዶውን ነው ሙሉውን? ብዬ ስጠይቀው ሳቀ።

ቅዳሜ፦ አበርዲን

በአውራ ጎዳና 82 ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ጠፍጣፋው ያልቅና ኮረብታና ጥድ ይመጣል። አበርዲን ትልልቅ የእንጨት ቤቶችና ጥላ ያላቸው ጎዳናዎች ያሏት ጸጥ ያለች ከተማ ናት። ስንደርስ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ፖስታ ቤቱ ተዘግቷል። ከፊቱ ቆመን ተያየን። ቡካ ዋይት እኮ የአበርዲን ልጅም አይደለም፤ የተወለደው ሂውስተን በምትባለው፣ በስተ ምዕራብ ባለች ሌላ የሚሲሲፒ ከተማ አካባቢ ነው። ፌሂና ዴንሰን የዘፈኑን ርእስ አምነው የላኩት ካርድ በተሳሳተ ከተማ በኩል ትክክለኛው ሰው ዘንድ ደረሰ። ነዳጅ በ2.69 ዶላር ሞልተን ወደ ሰሜን ታጠፍን።

በዚያ ረጅም መንገድ የአክስቴ ልጅ «ለመሆኑ ሰውየው ራሱስ ምን ሆነ?» አለኝ። ፌሂ ታኮማ ሬከርድስን በ1979 ሸጠ። ኦሬገን፣ ሴለም ገብቶ ታመመ፣ ጠጣ፣ ደኸየ፤ በርካሽ ሞቴሎች እየኖረ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ያገኛቸውን የክላሲካል ሸክላዎች እየሸጠ ይበላ ነበር። በ1994 ራይኖ የተባለ ድርጅት የሱን የድሮ ሥራዎች ሰብስቦ እንደገና ሲያወጣለት ተራው ደርሶት እሱም «ተገኘ»። ከአባቱ በወረሰው ገንዘብ በ1996 ከዲን ብላክውድ ጋር ሬቨናንት የሚባል አሳታሚ ከፈተ። የዚህ ድርጅት ትልቁ ሥራ በ2001 የወጣው የፓተን ሰባት ሲዲ ነው፤ የፌሂ አሮጌ መጽሐፍም አብሮት ታትሟል። ሦስት ግራሚ አገኘ። ፌሂ ግን በዚያው ዓመት የካቲት ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሞቶ ነበር፤ 62 ሊሞላው ስድስት ቀን ሲቀረው።

«ወራሽ ሲሆን ያንን ነው የሠራበት?» አለ የአክስቴ ልጅ፤ መሪውን ነካ ነካ እያደረገ። «እኔ ብሆን መጀመሪያ ቤት እገዛ ነበር።»

ከተመለስን በኋላ፦ ጆርጂያ አቬኑ

እኛስ ምን አለን? ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ መጥቶ ቀርቶ፣ እዚሁ ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ታክሲ እየነዳ ሳለ፣ አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ ካሴቱን አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመለት። የሸክላ አሳታሚውን የአምሃ እሸቴን ሸክላዎች ለዓለም መልሶ ያሰማው ደግሞ የፈረንሳዩ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። ሁለቱንም አመሰግናለሁ። ግን ኃይሉ እዚሁ በመካከላችን ነበር፤ እኛም እሱ ታክሲ ውስጥ ተሳፍረናል።

በሳምንቱ ቅዳሜ ከአባቴ ካርቶን አንድ ካሴትና አሮጌ ቴፕ ይዤ የቀድሞ የባንድ ልጆች ቡና የሚጠጡበት ካፌ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ይህን ቤዝ ማን ነው የተጫወተው?» ብዬ ከፈትኩ። አንደኛው ስም ጠሩ። ሁለተኛው «በጭራሽ! እሱ እንዲህ አይነካካም» ብለው ሌላ ስም ጠሩ። ሦስተኛው ሁለቱንም ዝም አሰኝተው አትላንታ ደወሉ፤ ቴፑን ወደ ስልኩ አስጠጋነው። እዚያ ማዶ ያሉት ሰው ትንሽ አዳመጡና፣

«ሳይድ ኤ ነው ሳይድ ቢ?» አሉ።

«ኤ።»

«ኤ ከሆነ እኔ ነኝ። ቢ ሲቀዳ ሰዓት እላፊ እንዳይዘኝ ብዬ ወደ ቤት ሮጥኩ፤ ሌላ ልጅ ነው የጨረሰው። የልጁን ስም ልነግርህ እችላለሁ። አንተ ግን የዚያን ሙዚቃ ቤት ሰውዬ የት እንዳለ ታውቃለህ? ግማሽ ክፍያዬን እስከ ዛሬ አልሰጠኝም።»